አልጋ አንጣፊዋ እንግዳ ሆና ስታድር

ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሆቴል የሚያድር ሰው ሆቴሉን ብሎ አይመጣም። አውሮፕላን አምልጦት ይመጣል፤ ካልሆነም ጠዋት እንዳያመልጠው ፈርቶ ይመጣል። ሻንጣውን ሳይፈታ፣ አንድ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ይተኛና ወፍ ሳይንጫጫ ይሄዳል። ያደረበት ክፍል ግድግዳ ምን ቀለም እንደነበር ቢጠየቅ አያውቅም። ሆቴሉም ይህን ስለሚረዳ ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። በሩ ላይ ከስሙ ሥር «ለኤርፖርት ቅርብ» ብሎ ጽፎ ዝም ብሏል።

የዚህን ሆቴል የሁለተኛ ፎቅ አልጋዎች የምታነጥፈው ሴት «እትዬ ማዕዘን» ትባላለች። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንሶላ በአልጋ ማዕዘን ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ሳታሳይ አታልፍም፤ ካሳየችም በኋላ አጎንብሳ በሁለት ጣቷ ሳትቆነጥጠው አትሄድም። «ማዕዘኑ የላላ አልጋ የሰከረ አልጋ ነው» ትላለች። ሥራውን የጀመረችው ወገቧ ቀጭን በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ሆቴሉ ራሱ ገና ግማሹ ስሚንቶ፣ ግማሹ ተስፋ ነበር።

ብዙ ዓመት ሰው የተነሳበትን አልጋ ያነጠፈ ሰው፣ ሰውየውን ሳያየውም ያውቀዋል። ብርድ ልብሱን በእግሩ ረግጦ መሬት ያወረደው ችኩል ነው። ከሰፊው አልጋ ጠርዟን ብቻ ይዞ ያደረው፣ ሲንፈራገጥ ከሚያድር ሰው ጋር ዕድሜውን የገፋ ነው። ትራሱን አቅፎ ያደረው ደግሞ ሆድ የባሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ እትዬ ማዕዘን ከትንሿ ሳሙና ሁለት ትተውለታለች። «ለባሰው ሰው ሳሙና ምን ያደርግለታል?» ብለው ሲስቁባት፣ «እጄ ላይ ያለው እሱ ነዋ፤ መሬት ልስጠው?» ትላለች።

መብረር የሚፈራ እንግዳም ድርሻ አለው። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ካየችው፣ ጋሪዋን አቁማ ታጽናናዋለች። «አይዞዎት ጌታዬ። አውሮፕላን ማለት እኮ የሚሄድ አልጋ ነው። ጋደም ይላሉ፣ ዓይንዎን ይጨፍናሉ፣ ሲገልጡ ደርሰዋል።» ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ የለም። ስንቱ እንግዳ እሷን አምኖ ተሳፍሯል።

እሷ ግን አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም። አውሮፕላኖቹ በጣሪያው ላይ ባለፉ ቁጥር የመታጠቢያ ቤቱ ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ እሷም በፍርሃት የያዘችውን አንሶላ ጭምድድ ታደርጋለች። ይህን የሚያውቀው የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ደግሞ ባሏ ነው። እሱ ጡረታ የወጣ የመኪና መካኒክ ሲሆን፣ ጥርጣሬዋን ኮትኩቶ ያሳደገላት ራሱ ነው። «መኪና ቢበላሽ ጥጉን ይዞ ይቆማል» ይላል፣ ሻዩን እያማሰለ። «ያኛው ቢበላሽ ጥጉ የት ነው? እስኪ ጥጉን አሳዪኝ!»

ኑሮዋ በዚህ ሁኔታ ሲሄድ፣ አንድ ምሽት ታላቅ እህቷ ደወለች።

ስለዚህች ታላቅ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። እናታቸው ስትሞት እትዬ ማዕዘን ገና ጫማዋን ግራና ቀኝ የማትለይ ልጅ ነበረች፤ ታላቋም ቢሆን ከልጅነት አልወጣችም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ታላቋ እናት ሆነች። ጸጉሯን ያበጠረችው፣ ትምህርት ቤት የወሰደቻት፣ ባሏንም አገላብጣ አይታ «ይሁን፣ እጁ ዘይት ቢሆንም አፉ ንጹሕ ነው» ብላ የዳረቻት እሷ ናት። ኋላ ትዳር ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳት። ሁለት ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ አገር ነው። እትዬ ማዕዘን ታላቋን «እታለም» ትላታለች። ታላቋ ደግሞ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበችውን ሴትዮ እስከ ዛሬ «ሚጣ» ትላታለች።

«ሚጣ፣ ከነገ ወዲያ ሊከፍቱኝ ነው» አለች በስልኩ፣ ቆርቆሮ እንደሚከፈት ነገር።

«ምንሽን?»

«ልቤን። ውስጡ ካሉት በሮች አንዱ አልዘጋ ብሏል አሉ። ነፋስ እንደሚያንገጫግጨው በር ነው፣ አለኝ ሐኪሙ።»

«ታዲያ ይሄ በስልክ ይነገራል እንዴ?»

«በምን ልንገርሽ? በጥሩምባ?» ታላቋ ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «ስሚኝ። ቀትር ላይ ነው የሚያስገቡኝ። እኔ ግን አንቺን ሳላይ አልገባም። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«‹እናት፣ ተራዎ ካለፈ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ እኔም አላውቅም› አለኝ። ‹እንግዲያው እሷ ካልደረሰች ተራውን ለቸኮለ ስጠው› አልኩት።»

እትዬ ማዕዘን ታላቋን ታውቃታለች። አልገባም ካለች በሬ ቢስባት አትገባም። በአውቶቡስ ቢኬድ የሚደረሰው ቀትሩ ካለፈ፣ ተራውም ከሄደ በኋላ ነው። የነገው አውሮፕላን ደግሞ ሞልቷል። የቀረው አንድ መንገድ የዚያኑ ዕለት የማለዳ በረራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእሷ መሰላት።

ቲኬቱን ያገኘላት የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። ሐምሌም ሆነ ሚያዝያ ከረባቱን ስለማይፈታ ሠራተኛው «ባለከረባቱ» የሚለው ልጅ ነው። ከእሷ ሰፈር በዚያ ማለዳ ታክሲ እንደማይገኝ ሲሰማም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ተሟገተላትና አንድ ክፍል አስፈቀደ። «እትዬ፣ ነገ ማታ እንግዳችን ነሽ» አላት። «በፊት ለፊቱ በር ነው የምትገቢው። በጓሮ ብትመጪ አናስገባሽም።»

በማግስቱ ምሽት ባሏ እስከ ሆቴሉ በር ሸኛት። ቦርሳዋን አቀበላትና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ…» አለ። «ያን ጊዜ ስለ ጥጉ ያልኩሽን ነገር…»

«ምን?»

«ተይው። የመኪና ሰው ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል?»

ይህ ሰው ስለ ማንኛውም ሞተር አላውቅም ሲል ሰምታው ስለማታውቅ፣ እንዲያውም ይብስ ፈራች።

በፊት ለፊቱ በር መግባት ከጠበቀችው በላይ ከባድ ሆነ። በየቀኑ «እንዴት አደርሽ እትዬ» የሚላት ዘበኛ ደረቱን ነፍቶ ቆመና «ቦርሳ ይፈተሻል» አለ። ፈተሸም። ውስጡ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማና ለታላቋ የገዛችው ሹራብ ነው። ባለከረባቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተነስቶ እጅ ነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤት። ሻንጣዎን ላስይዝልዎ?»

«እጅህን ሰብስብ።»

«በክፍልዎ የማይመችዎ ነገር ካለ ስልኩን አንስተው…»

«ከረባትህ ጠማማ ነው» አለችው። ልጁ መስታወት ፍለጋ ሲዞር የክፍሏን መክፈቻ ካርድ ነጥቃው ወደ ላይ ወጣች።

ክፍሉ የራሷ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩን አንኳኳች። ማንም ስላልመለሰ ገባች፤ ከገባች በኋላ ነው ያንኳኳችው የራሷን በር መሆኑ ትዝ ያላት። እሷ ዕረፍት ስለወጣች ክፍሉን ያዘጋጀችው በቅርቡ የተቀጠረችው አዲሷ ልጅ ናት። እትዬ ማዕዘን አልጋውን ከሩቅ አየችው፣ ቀረብ ብላ አየችው፣ ማዕዘኑን ቆነጠጠችው። ላላ። አንሶላውን ገፍፋ እንደ አዲስ አነጠፈችው። መጋረጃውን አስተካከለች። ቦርሳዋን ወለል ላይ ብትተወው የክፍሉን መልክ አበላሸባት፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ሸጎጠችው። ጫማዋንም ከጎኑ አስገብታ ነጠላ ጫማ አደረገች። ውሃ ጠማትና ብርጭቆውን አነሳች። የተሸፈነበትን ወረቀት አየች፤ ነገ ጠዋት ይህን ብርጭቆ የምታጥበው ልጅ ታየቻት። መልሳ አስቀመጠችውና ከቧንቧው በእጇ ጠጣች። ፎጣውንማ አልነካችውም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር ጠፋ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አልጋው እንዳይበላሽ ስለሳሳችለት ልትተኛበት አልደፈረችም። አንድ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ አለፈና ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ባዶ እጇን ተቀምጣ ይህን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ሁልጊዜ በእጇ የያዘችው አንሶላ ወይም መጥረጊያ ነበር። ተነሳችና ወደ ታች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረደች።

እዚያ ያለችው ልብስ ተኳሿ ናት፤ ምላሷ ስለሚያቃጥል «ካውያ» ይሏታል። በእንፋሎቱ መሐል ቀና ብላ አየቻት።

«እንግዳ እዚህ መግባት ክልክል ነው።»

«ቅሬታ አለኝ።»

«ምንድን ነው ቅሬታሽ?»

«ክፍሉ ጸጥ ይላል።»

«ኧረ ጉድ! ሰው ጸጥታ አጣሁ ብሎ ሲከስ ነው የማውቀው» አለች ካውያ። «ፈርተሻል በይና ፎጣ እጠፊ። አንቺ አይደለሽ እንዴ ስንቱን ‹የሚሄድ አልጋ ነው› እያልሽ የላክሽው? እስኪ ዛሬ ተኚበት።»

እትዬ ማዕዘን እጅጌዋን ሰበሰበች። ፎጣ ታጥፍ ጀመር። እጇ ሥራ ሲይዝ ፍርሃቷ ቀለል አለ።

እሷ ታች ፎጣ ስታጥፍ ላይ ሌላ ነገር ይደረግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ የነበረ አውሮፕላን፣ ታላቋ ያለችበት ከተማ ላይ ጭጋግ ወርዶ ማረፍ ስላቃተው ተመለሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ሕፃኑን ያዘለው አዝሎ፣ ሻንጣውን የጎተተው ጎትቶ፣ አየር መንገዱን የሚራገመው እየተራገመ ሆቴሉን አጥለቀለቀው። ባለከረባቱ ክፍል ማደል ያዘ፤ አዲሷም ልጅ ባዶ ክፍል ፍለጋ ኮሪደሩን ትሮጥ ጀመር። የእትዬ ማዕዘንን ክፍል ብታንኳኳ መልስ የለም። ከፍታ ብታይ አልጋው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ፎጣው እንደታጠፈ ነው፣ ብርጭቆው ወረቀቱን ለብሷል፣ ቦርሳ የለም፣ ጫማ የለም። ሰው የገባበት አይመስልም። «ፈርታ ወደ ቤቷ ሄዳለች» ስትል ለባለከረባቱ ነገረችው። ባለከረባቱም አዘነ እንጂ አልተገረመም። ክፍሉን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠው።

እትዬ ማዕዘን ፎጣው ሲያልቅ ወደ ላይ ወጣች። ካርዷን በሩ ላይ አስጠጋች። ቀይ በራ። ደግማ አስጠጋች። ቀይ። በሩን አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ።

በዚያ ፎቅ በሮች ላይ ስትኖር እንዲህ ስትባል የምትመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው። አፏ አእምሮዋን ሳይጠብቅ መለሰ።

«ሃውስኪፒንግ!»

በሩ ተከፈተ። ወገቡ ላይ የሆቴሉን ፎጣ ያገለደመ፣ ሆዱ ቀድሞት የወጣ ሰው ነው። ኋላ እንደታወቀው ነጋዴ ነው፤ ከተመለሰው አውሮፕላን የወረደ።

«ተመስገን፣ ሰው አለ ለካ!» አለ። «እናቴ፣ አንድ ትራስ ጨምሪልኝ እስኪ። ይሄኛው ደህና ትራስ ነው፣ ግን ለብቻው አልቻለኝም።»

«እሺ ጌታዬ፣ አሁን።»

ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። ከትራሶቹ ሁሉ ለስላሳውን መርጣ አወረደች፣ ልባሱን ቀየረች፣ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ትራሱን እንዳቀፈች ቀጥ ብላ ቆመች። የማን ክፍል ነው?

ተመልሳ አንኳኳች።

«ትራስዎ ይኸው ጌታዬ። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርሳና ጫማ የኔ ነው።»

ሰውዬው ቁም ሳጥኑን አየ። እሷን አየ። ፎጣውን ጠበቅ አደረገ።

«ምን ይሠራል እዚህ?»

«ክፍሉ የኔ ነበር።»

«ሃውስኪፒንግ ነኝ አላልሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ክፍሉም ያንቺ ነበር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ታዲያ እኔ አልጋሽን ወስጄብሽ፣ አንቺ ትራስ አመጣሽልኝ?»

«ጠየቁኝ እኮ» አለች እትዬ ማዕዘን።

ነጋዴው ሳቀ። ፎጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና ልብሱን ሊለብስ ተነሳ። «በይ ግቢ። እኔ ሶፋ አላጣም።»

«የለም!» ቆጣ አለች። «አልጋ የያዘ እንግዳ አይነሳም። እዚህ ቤት ሆኖ አያውቅም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንቅልፍ እንደሆነ ዛሬ አይወስደኝም። ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሆዴ እስካሁን እላይ ነው ያለው። ነገ በማለዳው ተመልሰህ ውጣ ብለውኛል፤ እኔንጃ።»

የፈራ እንግዳ አየች። ከዚህ በኋላ ምን እንደምትል ታውቃለች።

«አይዞዎት ጌታዬ። አውሮፕላን ማለት እኮ የሚሄድ አልጋ ነው። ጋደም ይላሉ፣ ዓይንዎን…»

«አንቺ ስንት ጊዜ በርረሽ ነው?» አላት ሰውዬው፣ ከልቡ ሊማር ፈልጎ።

እትዬ ማዕዘን ብዙ ጊዜ ተናግራዋለች፤ አንድም ሰው ይህን ጠይቋት አያውቅም።

«አንድም ቀን» አለች።

ቦርሳዋንና ጫማዋን ይዛ ወደ ታች ወረደች። ባለከረባቱ ገና ሲያያት ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እትዬ! የት ነበርሽ? ሄደሻል ብለን እኮ… አልጋው አልተነካ፣ ብርጭቆው አልተነካ! ሰው ገብቶበት እንዲህ ያለ ክፍል ይኖራል?» ግንባሩን ያዘ። «አሁን አንድ ክፍል የለም። አንድም! የት ልግባልሽ?»

«ተወው ልጄ። አትቆጣ፣ አትዘን። ይሄ ምልክት ነው። እግዜር ራሱ አትሂጂ ሲለኝ ነው።» ይህን ስትል ደረቷ ቀለል አላት፤ ቀለል ማለቱን ራሷ ታዘበችው፤ አፈረች። ግን ስልኳን አውጥታ የባሏን ቁጥር ፈለገች። መጥቶ ይውሰዳት። ታላቋስ? ታላቋ በራሷ ታስብበታለች። ሐኪም ይለምናታል። ሰው ይለምናታል።

ሳትደውል ስልኩ በእጇ ላይ ጮኸ።

«ሚጣ፣ ተኛሽ?»

«አዎ እታለም» አለች እትዬ ማዕዘን፣ በሻንጣ ክምር መሐል ቆማ። «አልጋ ላይ ነኝ።»

«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ቴሌቪዥን ነው።»

ታላቋ ዝም አለች። ብዙ ጊዜ ዝም ስትል ለሚቀጥለው ስድብ እየተዘጋጀች ነው። ዛሬ ግን ስድብ አልመጣም።

«ከኋላ የሚታሰር ልብስ አልብሰውኛል» አለች ቀስ ብላ። «ሳየው የሌላ ሰው ልብስ መሰለኝ። ሚጣ… ፈራሁ እኮ።»

እናታቸው በሞተች ሰሞን ቤት አከራዩ ዕቃቸውን ደጅ ላይ አውጥቶት፣ ዝናብም ወርዶበት፣ ታላቋ ፍራሹን በራሷ ተሸክማ «ዝናብ ነው፣ ይደርቃል» ብላ ነበር። በወሊድ ልትሞት ደርሳ ስትተርፍም «ደክሞኝ ነበር» ነው ያለችው። «ፈራሁ» የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም። እትዬ ማዕዘን፣ ታላቋም እንደ ሰው እንደምትፈራ ያወቀችው ያኔ ገና ነው።

«ምኑን ነው የምትፈሪው እታለም?» አለች። «ትተኛለሽ። ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ስትገልጪ…»

ቆመች። ይህን ንግግር ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች።

«ስገልጥ ምን?»

«ስትገልጪ እኔ አለሁ» አለች።

ስልኩን ዘጋችና ወደ ባለከረባቱ ዞረች። «ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው ሚኒባስ ጠዋት መቼ ነው የሚነሳው?»

ያን ሌሊት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ከማድረቂያው በወጣ የብርድ ልብስ ክምር ላይ አደረች። ካውያ መብራቱን ቀንሳ «አምስት ኮከብ ነው፣ ክፈይ» አለቻት። እትዬ ማዕዘን ብርድ ልብሱን አላስተካከለችም፣ ማዕዘኑንም አልቆነጠጠችም። እንደ ሕፃን ተጠቅልላ ተኛች።

ማለዳ ሚኒባሱ በሩ ላይ ሲቆም ከሁሉ ቀድማ የወጣችው እሷ ናት። ግን ተሳፋሪው መጣ። ሕፃን የያዘች እናት መጣች፤ እትዬ ማዕዘን ፈቀቅ አለችላት። ሽማግሌ መጡ፤ ክንዳቸውን ይዛ አሳፈረቻቸው። ነጋዴው ሁለት ሻንጣ ይዞ መጣ፤ አንዱን ተቀበለችው። «ግቢ እንጂ» ሲላት «ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ፣ እንግዳ ይቅደም» አለች። በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሲያልቅ ሚኒባሱ ሞላ። አጎንብሳ ውስጡን አየች፤ ሁሉም ተቀምጧል፣ የጎደለ ዕቃ የለም። በሩን ጎትታ ዘጋችው፣ ጎኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገች፣ ሾፌሩም ነዳ። እሷም ደረጃው ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች። «በሰላም ግቡ!» አለች። «ሲመለሱ ይምጡ!»

ከነጋዴው በቀር ማንም አልዞረም። እሱ በኋላው መስታወት አፉን ከፍቶ ያያታል፤ መስታወቱን በመዳፉ ይደበድባል። ሰላምታ መሰላትና ይበልጥ አውለበለበች። ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላ ነው እጇ አየር ላይ የቀረው።

«እኔ እኮ…» አለች ለማንም።

ካውያ ሥራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል አገኘቻት። ነገሩን በሁለት ቃል ሰማች። ሊስቅ የነበረ ፊቷን መልሳ ቋጠረችው።

«ሚኒባሱ ደርሶ እስኪመለስ የአውሮፕላኑን በር ይዘጉብሻል። ነይ በጓሮ!»

ልብስ ማጠቢያው የአየር መንገዱን ብርድ ልብስ ስለሚያጥብ፣ ከጓሮው በር እስከ ኤርፖርቱ አጥር የሚወስድ የጋሪ መንገድ አለ። ካውያ የታጠበ ብርድ ልብስ የሞላውን ጋሪ አስነሳችና «ቦርሳሽን ላዩ ላይ ጣይው!» አለች። ሁለቱ ሴቶች ጋሪውን እየገፉ ሮጡ። እትዬ ማዕዘን ክት ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ትገፋለች። ጋሪው ጠጠር ላይ እየዘለለ ብርድ ልብስ ያንጠባጥባል።

«ወድቋል!» ትላለች እትዬ ማዕዘን፣ ልትቆም።

«ይውደቅ!»

«ቆሻሻ ይነካዋል እኮ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ተሳፋሪ ሁኚ!» ጮኸች ካውያ።

አጥሩ በር ላይ ያለው ጠባቂ እጁን ዘረጋ። «ብርድ ልብስ ማለፊያው ይሄ ነው። ሰው በዚያ ነው።»

«ይቺን በዚያ አሳልፋት» አለች ካውያ እያለከለከች። «እህቷ ልቧን ልትከፈት ነው፤ እሷ ደግሞ ቆማ ሰው ስትሸኝ መኪና አመለጣት።»

ጠባቂው እትዬ ማዕዘንን ከላይ እስከ ታች አያት። ምን እንደገባው አይታወቅም፤ ግን ቦርሳዋን ራሱ አንስቶ በመንገደኛው በር በኩል እየሮጠ ወሰዳት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ጩኸት ነው። «ባለትራሷ መጣች!» ነጋዴው ነው። ከጎኑ ያለውን ሰው አስነስቶ ቦታ አስለቀቀላት። «ምነው ቀረሽ? መስታወቱን ልሰብረው እኮ ነበር!»

«ስሸኛችሁ ቀረሁ» አለች።

ቀበቶውን አሰረላት። ሞተሩ ሲጮህ ነጋዴው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ፤ እሷ ደግሞ የነጋዴውን ክንድ ጨበጠች። ስለ በረራው ከዚህ ሌላ የሚነገር ነገር የለም። ያን ቀን ጭጋግ አልነበረም።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ታላቋ ጎማ ባለው አልጋ ላይ ኮሪደር ወጥታ፣ ከነርሷ ጋር ትጨቃጨቃለች። «አልገባም አልኩ እኮ ልጄ። ለሰው ሁሉ ጊዜ አላችሁ፣ ለኔ ትንሽ ትዕግሥት አጣችሁ?» ከዚያ እትዬ ማዕዘንን አየቻት። ቀሚሷ ላይ የጋሪ ቅባት፣ ጸጉሯ ላይ የብርድ ልብስ ጥጥ።

«ዘገየሽ» አለች።

«መጣሁ እኮ።»

«በአውሮፕላን?»

«በአውሮፕላን።»

«እንዴት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ጨፍኜ ነበር።»

«መድረሱን በምን አወቅሽ ታዲያ?»

«ሰው ሲነሳ ተነሳሁ።»

ታላቋ ልትስቅ ብላ ደረቷን ያዘች። ሌላ እጇን ዘረጋች፤ እትዬ ማዕዘን ያዘችው። ሲነካ ቀዝቃዛ ነው፤ ድሮ ጸጉር ሲያበጥር የሚያሳምም ጠንካራ እጅ ነበር። ነርሷ አልጋውን ገፋች። እትዬ ማዕዘን አብራ ሄደች፣ ከዚህ ወዲያ አይቻልም እስከሚባልበት በር ድረስ።

«በሉ እንግዲህ፣ አስገቡኝ» አለች ታላቋ፣ ለነርሷ። የታናሿን እጅ ለቀቀች።

በሩ ተዘጋ። እትዬ ማዕዘን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚሠራው አለው፤ እሷ ምንም የላትም። ሰዎች ሰዓት ሲጠይቋት አታውቅም። ውሃ ሲሰጧት ተቀብላ ረሳችው። ጀርባዋ እስኪደነዝዝ ተቀመጠች፤ የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ፤ ከወለሉም ጠፋ። በመጨረሻ ሐኪሙ ጭምብሉን አውልቆ ወጣና «በሩ አሁን ይዘጋል» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ እስኪገባት ድረስ የኮሪደሩን በር ታይ ነበር።

ታላቋ ዓይኗን ስትገልጥ መብራት በርቶ ነበር። ዓይኗ ጣሪያውን ፈለገ፣ ግድግዳውን ፈለገ፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት አገኘ። ከንፈሯ ደርቋል። እትዬ ማዕዘን ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሚጣ፣» አለች ታላቋ፣ «በልተሻል?»

አልበላችም ነበር።